ተመልካቹን የፈራ ጣቢያ

ኖቬምበር 3 ቀን 2020፣ የአሜሪካ ምርጫ ማታ። እኩለ ሌሊት ሊሞላ 40 ደቂቃ ሲቀረው የትራምፕ ደጋፊዎች የሚያዩት የቀኝ ክንፍ ጣቢያ ፎክስ ኒውስ «አሪዞናን ጆ ባይደን ወስዷል» ብሎ አወጀ። ሌሎቹ ትልልቅ ጣቢያዎች ገና አልደፈሩም ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

እኔ ያን ማታ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አጎቴ ቤት ነበርኩ። አጎቴ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይወጣሉ፣ ቀን ሬድዮ ይሰማሉ፣ ማታ ፎክስ ይከፍታሉ። አሪዞና ስትባል ሪሞቱን አነሱ። «እነዚህም ከዱን» አሉና ቻናል ቀየሩ። «ጋሼ፣ ቆጥረው እኮ ነው» አልኩ። ዝም አሉኝ።

እንደ አጎቴ ሪሞት ያነሳው ሰው ብዙ ነበር። ፎክስ ቤት ውስጥ ድንጋጤ የፈጠረው የባይደን ማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ያ ሪሞት ነው። ድንጋጤው ሲጠቃለል ጣቢያውን 787.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ታሪኩን በደንብ መናገር የምፈልገው፣ የአሜሪካ ወገንተኛ ሚዲያ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው።

ስለ ነገሩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንዲህ የሚል ነው፦ ሀብታሙ ጣቢያ ይገዛል፣ ጣቢያው ሕዝቡን እንደፈለገ ይነዳል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጣቢያውም በተመልካቹ ይነዳል። የለመደውን ካላቀረበለት ትቶት ይሄዳል። ሲሄድ ማስታወቂያውም አብሮት ይሄዳል።

በአሪዞና ጉዳይ ፎክስ አልተሳሳተም። ባይደን ግዛቲቱን በ10,457 ድምፅ አሸንፏል። ውሳኔውን አየር ላይ ቀርቦ ያስረዳው የጣቢያው የፖለቲካ አርታኢ ክሪስ ስታይርዎልት ግን በጃንዋሪ 2021 ከሥራ ተሰናበተ። ጣቢያው «መዋቅር ስለቀየርኩ ነው» አለ።

ከምርጫው በኋላ ባሉት ሳምንታት የትራምፕ ጠበቆች ሲድኒ ፓወልና ሩዲ ጁሊያኒ በፎክስ ፕሮግራሞች ላይ እየቀረቡ አንድ ታሪክ ያወሩ ጀመር። ዶሚኒየን የሚባለው የምርጫ ማሽን ኩባንያ የትራምፕን ድምፅ ወደ ባይደን ገልብጧል አሉ። ማሽኑም መጀመሪያ ለቬኔዙዌላው ሁጎ ቻቬዝ የተሠራ ነው ተባለ። አንዳንዶቹ አቅራቢዎች ይሰማሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ ደግመው ይጋብዛሉ። ዶሚኒየን በማርች 2021 ፎክስን ደላዌር ውስጥ ከሰሰ። የጠየቀው ካሣ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሕግ ያስፈልገናል። አሜሪካ ውስጥ ሚዲያን በስም ማጥፋት ከሶ መርታት እጅግ ከባድ ነው። ምክንያቱ የ1964 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ የማርቲን ሉተር ኪንግ ደጋፊዎች ያወጡትን ማስታወቂያ አተመ። ማስታወቂያው ውስጥ ጥቃቅን ስሕተቶች ነበሩ። ሱሊቫን የተባለ የሞንትጎመሪ ከተማ ባለሥልጣን ከሰሰ፤ አላባማም 500 ሺህ ዶላር ፈረደችለት። በዚያን ጊዜ የደቡብ ባለሥልጣናት የጥቁሮችን ትግል የሚዘግብ ጋዜጣን በክስ ብዛት ማንበርከክ ይፈልጉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። ባለሥልጣን ከሳሽ ስሕተት መኖሩን ማሳየት ብቻ አይበቃውም አለ። ጋዜጣው ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ይሁን ውሸት ግድ ሳይሰጠው እንዳተመ ማስረዳት አለበት። ሕጉ ኋላ ታዋቂ ሰዎችንም እንዲጨምር ሰፋ። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። በቅንነት የተሳሳተን ጋዜጠኛ ከባለጉልበት ክስ ያድናል።

ከሳሽን የሚያስቸግረው ታዲያ ይሄ ነው። ሰው በሆዱ ያለውን በምን ታውቃለህ? የፎክስ ሰዎች ግን በሆዳቸው ያለውን በቴክስት ተጻጽፈውት ነበር። ፍርድ ቤቱ የስልክ መልእክቶቹና ኢሜይሎቹ ይውጡ አለ፣ ወጡ። የጣቢያው ትልቁ ኮከብ ተከር ካርልሰን ለሥራ ባልደረባው ለሎራ ኢንግራም ሲድኒ ፓወል እየዋሸች እንደሆነ ጽፎላታል። እሷም ሴትዮዋ ጤነኛ አይደለችም የሚል መልስ ሰጠችው። አንዲት የጣቢያው ሪፖርተር ደግሞ ማሽኖቹ ድምፅ እንዳጠፉ ማስረጃ የለም ብላ ትዊተር ላይ ጻፈች። ሥራዋን መሥራቷ ነበር። ካርልሰን ለሌላው የፎክስ አቅራቢ ለሾን ሃኒቲ «አስባርሯት» የሚል መልእክት ላከ። ምክንያቱን እዚያው ጽፎታል፦ ኩባንያውን እየጎዳችው ነው፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል።

ለእውነቱ ሲባል ይህም መነገር አለበት። ካርልሰን አንድ ማታ አየር ላይ ወጥቶ ፓወልን ማስረጃ ጠይቄያት አልሰጠችኝም ብሏል። ተመልካቹ ተቆጣበት። እዚያ ቤት ውስጥ እውነት መናገር ምን እንደሚያስከትል ሁሉም አየ።

ባለቤቱ ሩፐርት ሙርዶክም ቃለ መሐላ ፈጽሞ ተጠይቋል። አንዳንዶቹ አቅራቢዎቻችን ታሪኩን ደግፈውታል ሲል አመነ። የትራስ ነጋዴው ማይክ ሊንደል የተሰረቀ ምርጫ አለ እያለ በፎክስ ላይ ማስታወቂያ ያሠራ ነበር። ሙርዶክ ለምን እንደማያስቆመው ሲጠየቅ፣ ጉዳዩ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ መሆኑን ተቀበለ። ቀይ ሪፐብሊካን ነው፣ ሰማያዊ ዴሞክራት። አረንጓዴው ዶላር ነው።

ዳኛው ኤሪክ ዴቪስ ስለ ዶሚኒየን ከተባሉት ነገሮች አንዱም እውነት እንዳልሆነ ከችሎቱ በፊት ወሰነ። የቀረው፣ በዋናነት እያወቁ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለጁሪው፣ ለፍርድ ለተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ማቅረብ ነበር። ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ዊልሚንግተን ውስጥ ጁሪው ተመርጦ ከተቀመጠ በኋላ ፎክስ በ787.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። አየር ላይ ወጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም።

ያን ሳምንት ቅዳሜ አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ መልእክቶቹን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ካርልሰን ለኢንግራም ስለ ፓወል ከጻፈው ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። ተመልካቾቻችን ደህና ሰዎች ናቸው፣ ያምኑታልም ይላል። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ታዲያ እያወቁ ነው?» አሉ። አጎቴ ሞኝ አይደሉም። ሰው አምነው ነው የተታለሉት።

እዚህ እንዴት ተደረሰ?

እኔ የምቀርባቸው የግራ ክንፍ ሰዎች አንድ የተለመደ መልስ አላቸው። ፕሬዝዳንት ሬገን የሚዛናዊነቱን ደንብ ባያነሳ ኖሮ ፎክስ አይፈጠርም ነበር ይላሉ። ደንቡ በ1949 የወጣ ነው። ሬድዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ የሕዝብ ጉዳዮችን እንዲያቀርቡ፣ ሲያቀርቡም ለተቃራኒው ሐሳብ ዕድል እንዲሰጡ ያስገድድ ነበር። የአየር ሞገድ የሕዝብ ነው፣ ቁጥሩም ውስን ነው፣ ስለዚህ ፈቃድ ያገኘ ሰው ግዴታ አለበት ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። በ1987 የመገናኛ ኮሚሽኑ፣ ኤፍ ሲ ሲ የሚባለው፣ ሰረዘው። ምክር ቤቱ ሕግ አድርጎ ሊያጸናው ሞክሮ ነበር፤ ሬገን አልፈርምም አለ።

ግን ፎክስ ኒውስ የኬብል ጣቢያ ነው። በሕዝብ ሞገድ አይተላለፍም። ደንቡ ዛሬም ቢኖር አይነካውም ነበር። ይህን የምለው ወገኖቼ ቀላል ጥፋተኛ ፈልገው ሲያርፉ ስለማይ ነው። የደንቡ መነሳት በደንብ የለወጠው ሬድዮውን ነው። ሙዚቃ ወደ ኤፍ ኤም ሄዶ ነበር፣ ኤ ኤም ጣቢያዎች ባዶ ቀሩ። ርካሽ ነገር ይፈልጉ ነበር። በኦገስት 1988 የቀኝ ክንፉ የሬድዮ ተናጋሪ ራሽ ሊምቦ በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ። ከቀትር ጀምሮ ለሰዓታት፣ በየሥራ ቀኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ገንዘብ እንኳ አይከፍሉበትም፤ ከማስታወቂያው ጊዜ ላይ ቆርሰው ለአከፋፋዩ ይለቁ ነበር። ሌላ ሐሳብ ላለው ሰው ጊዜ የመስጠት ግዴታ ስላልነበረ አድማጩን የሚያስቀይም ነገር ማስገባት አላስፈለገም። በ1996 ደግሞ ክሊንተን የፈረመው የቴሌኮም ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬድዮ ጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። ክሊር ቻናል የሚባለው ከ1,000 በላይ ጣቢያ ያዘ። አዎ፣ የፈረመው ዴሞክራት ነው።

አጎቴ ታክሲ ሲጀምሩ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ የሚጠብቁት ለረጅም ሰዓት ነበር። መኪናው ውስጥ ያለው ሬድዮ ብቻ ነው። እንግሊዝኛቸውን ያሻሻሉት በዚያ ሰውዬ ነው። አንድ ድምፅ ለዓመታት በየቀኑ ሦስት ሰዓት ጆሮህ ስር ሲያወራ ዘመድ ይሆናል። ዘመድ ደግሞ አይጠረጠርም።

ኬብሉ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1996 ሙርዶክና ሮጀር ኤይልስ ፎክስ ኒውስን ከፈቱ። ኤይልስ ለኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የሠራ የቴሌቪዥን ሰው ነው። የኬብል ገቢ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ማስታወቂያ ነው። ሌላው ኬብል ያስገባ ቤት ሁሉ በወርሃዊ ሂሳቡ ውስጥ ሳያውቀው ለጣቢያው የሚከፍለው ነው፣ ቢያየውም ባያየውም። ጣቢያው ታማኝ ተመልካች ካለው ለኬብል ኩባንያው «ዋጋ ጨምር፣ አለዚያ እወጣለሁ» ማለት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው በስሱ ከሚወድህ ጥቂት ሰው በጣም ቢወድህ ይሻላል። ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ማታ ማታ ሦስት ሚሊዮን ሰው ካየህ ንጉሥ ነህ።

የአካባቢ ዜናው ደግሞ በዚያው ዘመን እየሞተ ነበር። ከ2005 ወዲህ ከ3,000 በላይ የአሜሪካ ጋዜጦች ተዘግተዋል። አብዛኞቹ በሳምንት አንዴ የሚወጡ የትንሽ ከተማ ጋዜጦች ናቸው፤ የትምህርት ቤት በጀት፣ የውሃ ሂሳብ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚዘግቡ። የቀረው የአካባቢ ቴሌቪዥን ነው፣ ሰው ያምነዋል። እሱም ቢሆን በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ገብቷል። በ2018 ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ በየከተማው ያሉ ዜና አንባቢዎቹን ስለ ሐሰተኛ ዜና የሚያስጠነቅቅ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረገ። አንድ ሰው ቪድዮዎቹን ጎን ለጎን ሲገጥማቸው፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ ሰንበት ተማሪ በአንድ አፍ ያንኑ ቃል ሲሉ ታየ። እዚህ ዲሲ አካባቢ የምናየው ቻናል 7 የሲንክሌር ነው። በ2025 ክረምት ደግሞ ምክር ቤቱ ለሕዝብ ሬድዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ገንዘቡን ሲያከፋፍል የነበረው፣ በ1967 ሕግ የተቋቋመው ድርጅት ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ክፉኛ የተጎዱት ሌላ የዜና ምንጭ የሌላቸው የገጠር ጣቢያዎች ናቸው። ይህ ውሳኔ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

አሁን ወደ እኔ ወገን ልምጣ።

«ፕሮግረሲቭ» የሚለውን ቃል ድሮ «ተራማጅ» ብለን ተርጉመነዋል። ለእኛ ግን ቃሉ የተማሪዎች ንቅናቄን፣ ደምንና መፈክርን ያስታውሳል። የአሜሪካ ተራማጅ ሌላ ሰው ነው። መንግሥት ለሁሉም የጤና መድን ይስጥ፣ ሀብታም የበለጠ ግብር ይክፈል፣ ሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም፣ ስደተኛ ይከበር የሚል ነው። ይህን የሚሰብኩ አሮጌ መጽሔቶች አሉ፤ ዘ ኔሽን በ1865 የተመሠረተ ነው። ከ1996 ጀምሮ የኤሚ ጉድማን የዜና ፕሮግራም ዴሞክራሲ ናው አለ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ የኦባማ የቀድሞ ሠራተኞች የከፈቱት ፖድካስት አለ። እኔም ስነዳ የምሰማው እነዚህን ነው።

በሬድዮ ሊምቦን ለመወዳደር የተሞከረው ግን አልሰመረም። ኤር አሜሪካ በ2004 ተከፍቶ በ2010 ተዘጋ። በቴሌቪዥን የግራው ቤት የሆነው ኤም ኤስ ኤን ቢ ሲ ነው፣ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ኤም ኤስ ናው የሚባለው። ይህ ጣቢያ ሲወለድ ግራ አልነበረም። ማይክሮሶፍትና ኤን ቢ ሲ በ1996 የከፈቱት የንግድ ሥራ ነው። ያ ፎክስ ላይ ያየነው ተከር ካርልሰን እንኳ ከ2005 እስከ 2008 እዚያ ፕሮግራም ነበረው።

በፌብሩዋሪ 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጣቢያው የፊል ዶናሁን ፕሮግራም ዘጋ። ዶናሁ ጦርነቱን የሚቃወሙ ሰዎችን ያቀርብ ነበር። በጣቢያው ውስጥ ከነበሩት ፕሮግራሞች ብዙ ተመልካች የነበረው የእሱ ነው። ኋላ የወጣ የውስጥ ማስታወሻ በጦርነት ጊዜ ለጣቢያው አስቸጋሪ ገጽታ እንደሚሆን ይናገራል። ሰውየው ትክክል ነበር። የተባለው የጅምላ መሣሪያ አልተገኘም። ጥቂት ዓመት አለፈና ሕዝቡ ጦርነቱ ሲሰለቸው ያው ጣቢያ ቡሽን የሚያብጠለጥሉ አቅራቢዎችን ወደ ፊት አመጣ። ሬቸል ማዳው በ2008 ማታ ላይ ፕሮግራም ያገኘችው ያኔ ነው። ጣቢያው ሐሳቡን የለወጠው ስላሰበበት ብቻ አይመስለኝም። ገበያው ተለወጠ።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው አልልም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካፒቶልን፣ የምክር ቤቱን ሕንፃ፣ ሰብረው የገቡት ሰዎች ምርጫው ተሰርቋል የሚለውን ሰምተው፣ አምነው ነው የሄዱት። በግራው በኩል በዚያ መጠን፣ እየታወቀ የተሸጠ ውሸት አላየሁም። ግን የተመልካች ፍርሃቱ አለ። በኖቬምበር 2024 የኤም ኤስ ኤን ቢ ሲ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢዎች ትራምፕን መኖሪያው ማር-ኣ-ላጎ ሄደን አነጋገርን ሲሉ ተመልካቹ ከዱን ብሎ ሸሸ። «ከዱን» የሚለው ቃል ከአጎቴ ሳሎን ስለማውቀው ደነገጥኩ። ፖድካስቱና የዩቲዩብ ቻናሉም ከዚህ አያመልጥም። ባለሀብት ባይኖርበትም በወር አምስት ዶላር የሚልክለት አድማጭ አለ። ያ አድማጭ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ልቡ ያለውን እንዲነግሩት ነው።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ የባይደን ዕድሜ ነው። በ2023 አጎቴ ቴሌቪዥኑን እያዩ «ሰውየው እኮ ደክሟል» ይሉኝ ነበር። «ጋሼ፣ የፎክስ ወሬ ነው፣ ቆራርጠው ነው የሚያሳዩት» እላቸዋለሁ። ከየት አመጣሁት? ከምሰማቸው ነው። ቪድዮ ቆራርጦ ማሳየቱ በእርግጥም ነበር። ነገሩን ማንሳት ግን ለትራምፕ መሥራት ይመስል ነበር። በማርች 2024 እንኳ የዚያው የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ጆ ስካርብሮ፣ ባይደን እንደ አሁኑ ጥሩ ሆኖ አያውቅም ብሎ ተከራክሯል። ያነሱት ሰዎች ነበሩ፣ ከራሳቸው አድማጭ ስድብ ወረደባቸው። እኔም ከተሳዳቢዎቹ ባልሆንም አልሰማኋቸውም።

ጁን 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ ክርክር ሆነ። ባይደን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዓረፍተ ነገር መሀል ጠፋበት። ከ24 ቀን በኋላ ከውድድሩ ወጣ።

ያን ማታ ክርክሩ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው።

«እያየህ ነው?» አሉኝ።

«እያየሁ ነው ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማል፣ ከእኔ ቤት ድምፅ ጋር አንድ ነው።

«የአንተዎቹስ» አሉ፣ «እያወቁ ነው?»